«ጎበዝ» ለሁሉም አይሆንም፦ ሰውን ስናሞግስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠዋት ከሕንፃዎቹ መሃል ተነስቶ እስከ ታክሲ ተራው የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ የሚሰማው የሙገሳ ቃል አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ «ጎበዝ»። ወተቱን የጨረሰ ሕፃን ጎበዝ ይባላል። ዝርዝር ሳንቲም አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ተሳፋሪ ጎበዝ ይባላል። የጎረቤቷን ዘንቢል እስከ አራተኛ ፎቅ ያወጣች ወጣት፣ ቧንቧ የጠገነ ባለሙያ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገልግለው ጡረታ የወጡ አባት፣ ሁሉም ያው ጎበዝ ናቸው።

ቃሉ በደል የለበትም፤ ያማረ ቃል ነው። በደሉ የእኛ ነው። አማርኛ ለሙገሳ የሰጠን ብዙ ነው፤ አበጀህ፣ ጎሽ፣ እሰይ፣ ይበል፣ በርታ፣ ደግ አደረግህ፣ እጅህ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እያንዳንዱ የሚባልለት ሰው፣ የሚባልበት ሰዓትና የሚባልበት ሥራ አለው። በዚሁ አካባቢ አማርኛ ስለማስተምር እነዚህ ቃላት ያለ ቦታቸው ሲውሉ አዘውትሬ እሰማለሁ፤ ከልጆች ብቻ ሳይሆን ከወላጆችም ከሥራ ባልደረቦቼም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በቅን ልቦና የተነገረ ሙገሳ ሰውን ሲያስቀይም ማየት ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ላንሳ።

ታላቅን «ጎበዝ» ማለት

«ጎበዝ» ከሥሩ የዕድሜና የጉልበት ቃል ነው። ክንዱ የጠነከረ፣ ለሥራም ለጦርም የደረሰ ወጣት ማለት ነው። «ልጁ ጎበዘ» ሲባል አድጎ፣ ጠንክሮ፣ ራሱን ቻለ ለማለት ነው። «የጎበዝ አለቃ» የሚለውም ስያሜ ከዚሁ የመጣ ነው፤ የአንድ አካባቢ ጎበዛዝት ተሰባስበው የሚከተሉት መሪ ነው። ዛሬ የቃሉ ትርጉም ሰፍቶ ትጉሁንም ብልሁንም ባለሙያውንም ያጠቃልላል። ነገር ግን የቀድሞ ጠረኑ አልለቀቀውም። «ጎበዝ» አስተማሪ ለተማሪ፣ እናት ለልጅ፣ አለቃ ለጀማሪ የሚለው ቃል ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። ታናሽ ለታላቁ ሲለው፣ ሳያስበው በታላቁ ላይ ፈታኝ ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው።

በአንድ የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። የውሃ መግፊያው ሞተር ተቃጥሎ ውሃው ወደ ላይኞቹ ፎቆች አልወጣ ብሎ ሰንብቷል። ከየቤቱ መዋጮ የሰበሰቡት፣ ጠጋኝ ፈልገው ያመጡት፣ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስም ከአጠገቡ ሳይለዩ የቆሙት አንድ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። በስብሰባው ላይ ሒሳቡን ከትንሽ ደብተር በዝርዝር አነበቡ፤ የመጠምጠሚያ ሽቦውን፣ የኩሽኔታውን፣ የጠጋኙን የእጅ ዋጋ። ሲጨርሱ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጨዋ ወጣት ብድግ ብሎ፣ «አባባ፣ በጣም ጎበዝ ነዎት!» አላቸው። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን ዘጉ። «ልጄ፣ ጎበዝ የምባልበት ዘመን አልፏል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብትለኝ ይበቃኛል» አሉት፤ በቁጣ ሳይሆን በረጋ ድምፅ። ወጣቱ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ከስብሰባው በኋላም ደረጃው ላይ ቆሞ ጓደኞቹን ሲጠይቅ ሰማሁት።

መልሱን ሽማግሌው ራሳቸው ሰጥተውታል። በአማርኛ ለታላቅ የሚቀርብ ሙገሳ የምስጋናና የምርቃት መልክ ይይዛል። «እግዚአብሔር ይስጥልን አባባ»፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን»፣ «ክብረት ይስጥልን» እንላለን። ሥራቸውን አንመዝንም፤ ዋጋቸውን ከፈጣሪ እንለምናለን። በእጅ ለተሠራ ሙያ ደግሞ «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» የሚል ውብ አባባል አለን። ዳቦ ደፍተው ላበሉን፣ ጥጥ ፈትለው ላለበሱን እናቶች ከዚህ የሚስማማ የለም። በእድሜ ተቀራራቢ ለሆኑና በመከባበር ለሚነጋገሩ ሰዎች «አበጁ» ማለት ይቻላል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም «ይባረኩ» ነው። አንድ ወጣት አረጋዊት ጎረቤቱን ደግፎ ደረጃ ሲያወጣቸው «ተባረክ ልጄ» ይሉታል፤ ቦታው ነው። እርሱ ግን «እርስዎም ይባረኩ» ብሎ ይመልሳል። የምርቃት መልሱ «አሜን» ነው፤ በረከት ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳልና። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ ታናሽ በታላቁ እንደሚባረክ የተጻፈው በአገራችን ሥርዓትም የኖረ ነው። ታናሹ መርቆ መመለስ ከፈለገ «ዕድሜ ይስጥልኝ» ይበል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሽማግሌዎች ራሳቸው በጉባኤ ተነስተው «ጎበዝ! ምን ብናደርግ ይሻላል?» ሲሉ ይሰማል። በዚያ ቦታ ላይ ቃሉ ሙገሳ አይደለም፤ ጥሪ ነው። ወንዱንም ሴቷንም፣ ወጣቱንም አዛውንቱንም በአንድነት ያነሳል። እንዲህ ያለውን አጠቃቀም የሚያውቁ ልጆች እያነሱ መጥተዋል፤ ክፍል ውስጥ በገባሁ ቁጥር «ጎበዝ፣ ደብተራችሁን አውጡ» እያልኩ እንዳይጠፋ የራሴን እጥራለሁ።

ሥራውን ትቶ ሰውየውን ማሞገስ

ይህኛው ስህተት በልጆች ላይ ስለሚደርስ ዘለግ አድርጌ ላስረዳ።

ልጅ ሥዕል ይዞ ሲመጣ «ጎበዝ!» እንለዋለን። ሒሳብ ሲሠራ «ጎበዝ!»፤ ጫማውን ሲያስር «ጎበዝ!»። ልጁ ጎበዝ መባሉን ሰምቷል፤ በምኑ ጎበዝ እንደተባለ ግን አያውቅም። ነገ ሒሳቡ ሲከብደው፣ ያ ስም የሚወሰድበት ይመስለዋል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ያሳተሙት ጥናት የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የሥዕል እንቆቅልሽ እንዲፈቱ ተሰጣቸው። ከፈቱ በኋላ ከፊሎቹ «ብልህ መሆን አለባችሁ» ተባሉ፤ ከፊሎቹ «ጠንክራችሁ ሠርታችኋል» ተባሉ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ መጣ፤ ሁሉም ተሳሳቱ። በብልህነታቸው የተሞገሱት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ከዚያ በኋላ የተሰጣቸውን ቀላል ጥያቄ እንኳ ከመጀመሪያው ባነሰ ውጤት ሠሩት። ውጤታቸውን ለሌሎች ልጆች እንዲጽፉ ሲጠየቁም ከፍ አድርገው የጻፉት ከእነርሱ መካከል በዙ። በጥረታቸው የተሞገሱት ግን ከባዱን ወደው ቀጠሉ።

በአማርኛ ነገሩን የሚያወሳስበው «ጎበዝ» ሁለቱንም መያዙ ነው። ብልህ ማለትም ነው፤ ትጉህ ማለትም ነው። ተናጋሪው ትጋቱን ሲያሞግስ ልጁ ስለ አእምሮው የተነገረው ሊመስለው ይችላል። «አበጀህ» ግን ግስ ነው። ሰዋስዉ ራሱ ወደ ሥራው ይጠቁማል፤ «ይህን ነገር አሳምረህ ሠራኸው» ማለት ነው። በግስ ማሞገስ የአማርኛ ጥንታዊ ጥበብ ነውና እንጠቀምበት።

ባለፈው የትምህርት ዘመን አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ ስለምታየው የጋሪ ፈረስ ድርሰት ጻፈች። ከድርሰቱ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሲደክመው አንገቱን ዝቅ ያደርግና ጆሮዎቹን ወደ ጎን ይጥላቸዋል።» ከገጹ ግርጌ «ጎበዝ» ብሎ መፈረም ቀላል ነበር። እኔ ያችን ዓረፍተ ነገር አስምሬባት፣ «ጆሮዎቹን ልብ ብለሽ አይተሻቸዋል፤ አበጀሽ» ብዬ ጻፍኩላት። ቀጥላ ስለ ጎረቤቷ ውሻ ስትጽፍ፣ ውሻው እንግዳ ሲያይና ባለቤቱን ሲያይ ጅራቱ እንዴት እንደሚለያይ ለይታ አመጣች። ማየት ዋጋ እንዳለው ገብቷታል።

የውጤት ካርድ ላይ የምንጽፈውም እንዲሁ ነው። «ጎበዝ ነው፤ ይበርታ» የሚለው አስተያየት ለሁሉም ተማሪ ስለሚሆን ለማንም አይሆንም። «ክፍልፋይ መደመር በደንብ ችሏል፤ ማካፈል ላይ እገዛ ይፈልጋል» ቢባል ወላጅ ማታ ምን ይዞ እንደሚቀመጥ ያውቃል። ለሃምሳና ለስድሳ ተማሪ እንዲህ መጻፍ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ካርዱ ወላጅና መምህር የሚነጋገሩበት ዋና ወረቀት ነው።

«አበጀህ»ን ሳይረቡ መጠቀም

«አበጀህ» እንደ «ብራቮ» ያለ የማይለወጥ ቃል የሚመስላቸው አሉ። አንዲት ልጅ ዘምራ ስትጨርስ «አበጀህ!» ብለው የሚጮሁ ሰዎችን ሰምቻለሁ። ቃሉ በጾታ፣ በቁጥርና በአክብሮት ይረባል፦ አንተን አበጀህ፣ አንቺን አበጀሽ፣ እርስዎን አበጁ፣ እናንተን አበጃችሁ። በሌለበት የሚሞገስ ሰው ደግሞ «አበጀ» ወይም «አበጀች» ይባላል። ስንጽፍ «አበጀክ» ማለትም አይገባም፤ የከተማው አነጋገር ወደ «ክ» ቢያደላም የጽሑፉ ሥርዓት «አበጀህ» ነው።

የቃሉን ዘመዶች ያወቀ ሰው አይሳሳትም። «በጀ» ጠቀመ፣ ተስማማ ማለት ነው። «ለአገር የሚበጅ» የምንለው፣ «ምን ይበጀኛል?» ብለን የምንጨነቀው፣ አባቶቻችን በነገሩ ሲስማሙ «በጀ» ብለው ይመልሱ የነበረው ሁሉ ከአንድ ግንድ ነው። «አበጀ» ደግሞ እንዲበጅ አደረገ፣ ሠራ፣ አስተካከለ ነው፤ መላ አበጀ፣ ዘዴ አበጀ፣ አጥሩን አበጀ እንላለን። ስለዚህ «አበጀህ» የተሠራ ነገር ይፈልጋል። መልኩ ላማረ ወይም ዕጣ ለወጣለት ሰው «አበጀህ» አይባልም። ለዕጣ «እንኳን ደስ ያለህ» ነው። ኮንዶሚኒየም ለደረሰው ጎረቤት «አበጀህ» ያሉ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምለው፤ ለቤቱ የሚስማማው «የሰላምና የጤና ቤት ያድርግልህ» ነው።

ገና የሚሮጠውን እንደጨረሰ፣ የጨረሰውን እንደሚሮጥ መቁጠር

ማልደው በሰንዳፋና በሱሉልታ ጎዳናዎች ላይ የሚለማመዱ አትሌቶችን ያየ ሰው መንገደኛው ምን እንደሚላቸው ያውቃል፤ «በርቱ!»። ማንም «አበጃችሁ» አይላቸውም፤ ልምምዱ አላለቀምና። «በርታ» በመንገድ ላይ ላለ ሰው ነው። ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ ለሚወጣ፣ ለፈተና ለሚያጠና፣ የታመመ ለሚያስታምም «በርታ» ስንቅ ይሆነዋል። «አበጀህ» ደርሶ ለተቀመጠ ሰው ነው። «አይዞህ» ደግሞ ለፈራ፣ ለወደቀና ለደከመ ነው፤ ሙገሳ ሳይሆን ድጋፍ ነው።

ሦስቱን የማቀያየር ጉዳት በተለይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ይታያል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያመጣች ልጅ ሮጣ ስትመጣ አባቷ «በርቺ» ይላታል። እርሱ ወደፊት አስቦ ነው። እርሷ የምትሰማው ግን «ገና ነሽ» የሚል ነው፤ ያ ሁሉ ያነጋችበት ሌሊት ሳይቆጠርላት የሚቀጥለው ተራራ ተዘረጋላት። መጀመሪያ «አበጀሽ ልጄ» ይበላት፤ ይቀመጡ፤ ቡና ይፈላ። «በርቺ» ነገም ይደርሳል። ያልተሳካለት ልጅ ደግሞ «አይዞህ» ሊባል ሲገባው «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፣ ምን ሆንክ?» ሲባል፣ ሙገሳው ወቀሳ ሆኖ ይወጋዋል።

«እሰይ» እና «ደግ አደረግህ» ሁለት ፊት እንዳላቸው መርሳት

«እሰይ» ደስታ ሞልቶ ሲፈስስ የሚወጣ ቃል ነው። ልጅ ሲወለድ፣ እስረኛ ሲፈታ፣ የጠፋ ሲገኝ «እሰይ!» ይባላል፤ ከእልልታ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይኸው ቃል በሰው ጉዳት የሚደሰት ሰው አፍ ውስጥም ይገኛል፤ «እሰይ፣ የእጁን አገኘ!»። በቃል ሲነገር ድምፁና ፊቱ ይለየዋል። በጽሑፍ መልእክት ላይ ግን ድምፅም ፊትም የለም። አንዲት እናት በነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ከመስከረም ጀምሮ ልጆቼን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛውሬአለሁ» ብላ ጻፈች፤ ሌላዋ «እሰይ» ብላ መለሰችላት። የመለሰችው «ተሳካልሽ» ለማለት ነበር። የደረሰው «ተገላገልን» ሆኖ ነው፤ ልጆቹ ቀደም ሲል በግቢው ውስጥ ተጣልተው ነበርና። ሁለቱ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆዩ። «እሰይ፣ እንኳን ተሳካልሽ» ብትል ኖሮ ሁለት ቃል ብቻ በመጨመር ሁሉም ነገር ይጠራ ነበር። በጽሑፍ «እሰይ»ን ብቻውን አትተዉት።

«ደግ አደረግህ» ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ሐረግ ከሙገሳ አልፎ ፈቃድ ነው። ልጅ ከጨዋታ ሲመለስ «መታኝ፤ እኔም በድንጋይ መታሁት» ሲል ከቤት ውስጥ አንድ ሰው «ደግ አደረግህ!» ይለዋል። ያ ልጅ የሰማው ፍርድ ነው፤ ድንጋይ ማንሳት በዚህ ቤት የተፈቀደ መሆኑን ተረድቷል። ሐረጉን ሲያናድዱን በንዴት እንደምንጠቀምበትም አልዘነጋሁም፤ ብርጭቆ ለሰበረ ልጅ «ደግ አደረግህ!» እንላለን። ትንሽ ልጅ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ትንንሾች ባሉበት ቤት ሐረጉን በእውነት ደግ ለተደረገበት ሰዓት ብቻ ብናስቀምጠው እመርጣለሁ፤ ያገኘውን ገንዘብ ለባለቤቱ ለመለሰ፣ የወደቀውን ላነሳ ልጅ።

ሕፃንን ያለ ምርቃት ማድነቅ

የሰው ሕፃን አይቶ «እንዴት ያምራል! እንዴት ወፍሯል!» ብሎ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ሙገሳ አይደለም፤ እናቲቱን ያስደነግጣል። የዓይን ነገር አለ። በዓይን የሚያምንም የማያምንም ሰው ሥርዓቱን ቢያከብር ይሻለዋል፤ የሚጨነቀው የእናት ልብ ነው። ክርስቲያኖች «በስመ አብ» ብለው ይጀምራሉ፤ «ከሰው ዓይን ያውጣው» ይላሉ። ሙስሊሞች «ማሻአላህ» ይላሉ፤ አላህ የሻው ሆነ፣ መልካሙ ሁሉ የእርሱ ነው ማለት ነው። ለሁሉም የሚስማማው «ያሳድግልሽ» ነው። አንዲት ቃል ናት፤ አድናቆቱንም ምርቃቱንም ትይዛለች።

ኮንዶሚኒየም ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ የሚወጣበት ቦታ ስለሆነ፣ የጎረቤትን ልማድ ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ስለ «ጎሽ» እና ስለ «ይበል»

«ጎሽ» የፍቅር ቃል ነው፤ «ጎሽ የእኔ ልጅ» ይባላል። ለልጅና ልጅን ያህል ለምንቀርበው ሰው ይሁን። በመሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ ባለትዳር ሠራተኛውን «ጎሽ» ሲለው ሰውየው እንደ ሕፃን ጭንቅላቱን የተዳበሰ ያህል ይሰማዋል።

«ይበል» ደግሞ የጉባኤ ቃል ነው። ግጥም ለሚያነብ፣ በሽምግልና ፊት እውነት ለተናገረ ሰው «ይበል!» ይባላል። ጋዜጦች «ይበል የሚያሰኝ» የሚለውን ሐረግ ስለወደዱት ዛሬ ለዕቅድ ሳይቀር ይሰጣል፤ «ይበል የሚያሰኝ ዕቅድ» እየተባለ። ዕቅድ ተስፋ ይሰጣል፤ «ይበል» የሚያሰኘው ፍጻሜው ነው። «ይበል የሚያስብል» ማለትም አንዱን ግስ ሁለት ጊዜ መደጋገም ስለሆነ ጆሮን ይጎረብጣል፤ «የሚያሰኝ» የተለመደውና ለጆሮ የሚጥመው ነው።

የጎረቤትን ቋንቋ በነጠላ መናገር

ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች አንድ ሀብት አለን፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶች። የሰፈራችን ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ «ቱሉ» ተራራ ወይም ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ቀይ ማለት ነው። ከዚሁ አካባቢ ገበሬ ቤቶች ወተትና እርጎ ይዘውልን ለሚመጡ እናቶች በቋንቋቸው ደስታችንን ብንገልጽላቸው ምንኛ ያማረ ነው። ብዙዎቻችንም እንሞክራለን። የሚደጋገመው ስህተት ግን ለእናት የሚገባውን አክብሮት መርሳት ነው።

«ገለቶሚ» አመሰግናለሁ ለማለት ይውላል፤ የሚባለውም ለአንድ እኩያ ወይም ታናሽ ነው። ለታላቅ ወይም ለብዙ ሰው «ገለቶማ» ነው። «ጀባዹ» ማለት በርታ፣ በርቺ ነው፤ ለታላቅ ሲሆን «ጀባዻ» ይባላል። አማርኛ «አንቱ» ብሎ እንደሚያከብር ኦሮምኛ በብዙ ቁጥር ያከብራል። በራሱ ቋንቋ እናቱን አንቺ የማይል ሰው፣ የወተት ደንበኛውን «ገለቶሚ» ማለቱ ስሕተቱን ስላላወቀ ነው። ሌላም አለ፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ዕቃውን አይታ «ጋሪ» ስትል ስለ ፈረስ ጋሪ እያወራች አይደለም፤ «ጥሩ ነው» እያለች ነው። አንድ ደንበኛ «ጋሪ የለኝም፤ በእግሬ ነው የመጣሁት» ብሎ ሲመልስ ሰምቻለሁ፤ ሴትየዋም ትርጉሙን በትዕግሥት አስረዳችው። ቃሉን ከዚያ ወዲህ ራሱ ይጠቀምበታል፤ በትክክሉም ይጠራዋል።

የምስክር ወረቀት ላይ ሥራውን አለመጻፍ

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲደርስ የምስክር ወረቀት ይታተማል። ጽሑፉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ይህ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷል።» ምን አበረከቱ? ወረቀቱ አይናገርም። ከዓመታት በኋላ ከሣጥን የሚያወጣው የልጅ ልጅም አያውቅም።

«ምስጋና» እና «ዕውቅና» የሚባሉትም ይደባለቃሉ። ምስጋና ለተደረገልን ነገር ነው፤ ዕውቅና ደግሞ ለሙያ ብቃት ወይም ለደረጃ የሚሰጥ ነው። ትምህርት ቤት ለጥበቃ ሠራተኛው የሚሰጠው ምስጋና ነው። በአዳራሹ ሁለቱን እያቀያየርን ስንጠራ ተሸላሚዎቹ ለምን እንደቆሙ ግራ ሲገባቸው ይታያል።

በዘንድሮው ዝግጅት ለአንድ የጥበቃ ሠራተኛ የሚሰጠውን ወረቀት እንድጽፍ ተጠየቅሁ። ስለሰውየው ሥራ ልጆቹን ጠየቅኋቸው። ክረምት ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት የሚወርደው ጎርፍ መሻገሪያ ድንጋዮቹን እየገፋ ይወስድ ነበር፤ እርሳቸው በየማለዳው ድንጋዮቹን መልሰው ያስቀምጣሉ፣ ትንንሾቹንም እጃቸውን ይዘው ያሻግራሉ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፦ «በክረምት ጎርፍ የወሰደውን መሻገሪያ በየማለዳው እያስተካከሉ ልጆቻችንን በሰላም ስላሻገሩልን እግዚአብሔር ይስጥልን።»

የምስክር ወረቀት የሚያዘጋጁ ኮሚቴዎች ጊዜ የለንም ይላሉ። የሚያስፈልገው ለአንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስሞቹን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት በየስሙ አንጻር ባዶ መስመር አስቀምጡና፣ መስመሩን ከሰውየው ጋር በየቀኑ የሚውል ሰው በእጁ ይሙላው።